ሽሚያን ቁጭ ብሎ ማየት፦ ከአሞራ ገደል እስከ ጓሮ ጀሪካን

እንግዳ ይዤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ በገባሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠብቀኛል። «ይኼ ሁሉ ወፍ ከአንድ ሐይቅ እየበላ እንዴት ይበቃዋል?» ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ መረብ እየጣለ ነው ያሳደገን። እኔ ደግሞ ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎችን አስጎበኛለሁ። ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ለረጅም ጊዜ «ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ይበቃቸዋል» የሚል ነበር። ተሳስቼ ነበር። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ እንኳ የለውም። ያለው ያው ያለው ነው። ሐይቁ ዳር የማየው ነገር ሁሉ ትርጉም የሰጠኝ «አይበቃም» ብዬ መጀመር የጀመርኩ ዕለት ነው።

የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይኼን «ውድድር» ይለዋል። እኔ ሽሚያ የሚለውን ቃል እመርጣለሁ። ውድድር መነሻና መድረሻ አለው፣ ዳኛም አለው። ሽሚያ ላይ ያለው ያነሰ ነገርና የበዛ እጅ ብቻ ነው። ደግሞ ሽሚያ ማለት ጠብ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሽሚያ ድምፅ የለውም። ይኼን በቃል ብነግራችሁ አታምኑኝም። ስለዚህ እንዴት በዓይናችሁ እንደምታዩት ልንገራችሁ። አንድ ማለዳና አምስት ጀሪካን ያስፈልጋችኋል።

ከማለዳው እንጀምር።

ደብተርና እርሳስ ያዙ። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው። ሐይቁ ዳር ወረቀቱ ይረጥባል፣ እስክሪብቶ ይከዳችኋል። ሰዓት ያስፈልጋል፣ የስልካችሁ ይበቃል። ባይናኩላር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም ችግር የለም። አሞራ ገደል ያሉት ወፎች ሰው ስለለመዱ እግራችሁ ሥር ይመጣሉ። ለመግቢያና ለሻይ ዝርዝር ብር ያዙ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ጀልባዎቹ የሌሊቱን አሳ ይዘው የሚመጡት ማለዳ ነው፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ የምታዩት ትርፍራፊውን ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬ ካያችሁ ደግሞ ራቁ። በጀልባ ከሆናችሁ ባለ ጀልባው «እንጠጋ» ቢላችሁ እንኳ እምቢ በሉ።

አሁን ወደ ዋናው። አብዛኛው ሰው ደብተሩን ከፍቶ የወፍ ስም መዘርዘር ይጀምራል። እንዲያ አታድርጉ። መጀመሪያ የሚሻሙበትን ነገር ለዩ። የገጹ አናት ላይ የአንድ ነገር ስም ብቻ ጻፉ፦ «የአሳ አንጀት»፣ «ትንንሽ አሳ»፣ «የሾላ ፍሬ»፣ «ጎጆ የሚሆን የዛፍ ጉድጓድ»፣ «ብርሃን»። አንድ ገጽ ለአንድ ነገር። ከሥሩ ሦስት ጥያቄ አስቀምጡ። ማን ማን ይፈልገዋል? ያንሳል ወይ? አንዱ ሲወስድ ለሌላው ይጎድልበታል ወይ? ሦስተኛው ላይ «አይጎድልበትም» ካላችሁ ሽሚያ የለም፣ ገጹን ግለጡ። አየር ሁሉም ይተነፍሳል፣ ሐይቁ ዳር ግን በአየር የሚሻማ ወፍ የለም።

የመጀመሪያ ገጻችሁ የአሳ አንጀት ይሁን፣ በጣም የሚታየው እሱ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የእህቴን ልጅ ይዣት ሄድኩ። 12 ዓመቷ ነው። ደብተሩን የያዘችው እሷ ነበረች። ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች የቆሮሶውን (ቲላፒያ የሚባለውን አሳ) ቆዳ ይገፋሉ፣ ሥጋውን ከግራና ከቀኝ ለይተው ያነሳሉ፣ ጭንቅላቱንና አንጀቱን ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ከኋላቸው ያ ትርፍራፊ ተከምሯል። ክምሩ ላይ የቆመው አባ ኮዳ ነው። አባ ኮዳን የማያውቅ ካለ፦ ራሰ በራ፣ ጉሮሮው ላይ ከረጢት የሚንጠለጠልበት፣ ቁመቱ ሜትር ተኩል የሚደርስ ትልቅ ወፍ ነው። ምንቃሩን አንዴ ወደ ጎን ሲያወዛውዝ ሌላው ወፍ ሁሉ ቦታ ይለቃል። ከዳር አይቢሶች ቆመዋል። ገላቸው ነጭ፣ ራሳቸውና አንገታቸው ጥቁር፣ ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። ከላይ ጭልፊት ይዞራል።

ለ10 ደቂቃ ማን ስንት ጊዜ እንደጎረሰ ቆጠርን። አንድ ጉርሻ አንድ ጭረት። የአባ ኮዳ መስመር ሞላ። የአይቢስ መስመር ላይ ጥቂት ጭረት ብቻ ነበር። ልጅቷ «አጎቴ፣ አይቢሶቹ ለምን አይሄዱም ታዲያ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ አንዱን ፊሌቶ አውጪ ለመንኩት። «እባክህ ለ10 ደቂቃ ትርፍራፊውን አንድ ቦታ አትጣለው፣ እዚህም እዚያም በትነው» አልኩት። ግራ ገባው ግን አደረገው። ልጅቷ እንደገና መቁጠር ጀመረች። አባ ኮዳው ወደ አንዱ ቁራጭ ሲራመድ አይቢሱ ሌላውን አንስቶ ዋጠ። ወደዚያ ሲዞር ጭልፊቱ ከወዲህ ወርዶ ሦስተኛውን ነጠቀ። የአይቢስ መስመር ላይ ጭረቱ በዛ። አንድም ወፍ አልተባረረም፣ አንድም ወፍ አልተጨመረም። የተለወጠው የምግቡ አቀማመጥ ብቻ ነው።

ይኼ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ ደብተራችሁ ላይ አስምሩበት። አንድ ቦታ የተከመረ ነገር ጉልበት ላለው ይሆናል፣ ምክንያቱም ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል። የተበተነ ነገር ለፈጣኑ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሽሚያ አለ። አንዱ በግፊያ ነው፦ ተቀናቃኙን ማባረር፣ መዝጋት፣ ማስፈራራት። ሌላው ቀድሞ በመጨረስ ነው። ሁለተኛው ላይ ተሻሚዎቹ ላይገናኙ ይችላሉ። አንዱ ጠዋት በልቶ ይሄዳል፣ ሌላው ከሰዓት መጥቶ ባዶ ያገኛል። እናንተም ይኼን ብተና ሞክሩት። ትርፍራፊው መሀል ፌስታልም ሆነ የመንጠቆ ክር እንዳይኖር ግን ቀድማችሁ እዩ። ፌስታል የዋጠ አባ ኮዳ አይቻለሁ፣ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ሁለተኛውን ገጽ «ትንንሽ አሳ» በሉትና ከገበያው ራቅ በሉ። ፊላ ወደበቀለበት ዳርቻ ሂዱና ቁጭ በሉ። እዚህ ጋ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት። የምትፈልጉት አሳ አጥማጅ ወፎቹን ነው። ቀጥ ያለ ረጅም ምንቃር፣ ትልቅ ራስ፣ አጭር እግር አላቸው። ሐዋሳ ላይ ሦስቱን በአንድ ጠዋት ማየት ይቻላል። ለእያንዳንዳቸው አራት ነገር ጻፉ፦ ምን ላይ ተቀመጠ፣ ከፍታው ስንት ነው፣ የት ወደቀ፣ ምን ይዞ ወጣ።

ትንሿ ሰማያዊ ናት፣ ሆዷ ብርቱካናማ፣ ከድንቢጥ አትበልጥም። ፊላው ላይ ከውሃው ጥቂት ከፍ ብላ ትቀመጥና ከሥሯ ያለውን ጫጩት አሳና ነፍሳት ትለቅማለች። ከዳር አትርቅም። ጥቁርና ነጩ ሌላ ነው። መቀመጫ አያስፈልገውም። ውሃው ላይ አየር ውስጥ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ይቆማል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ስለዚህ ለትንሿ ጨርሶ የማይደረስ ገላጣ ውሃ ላይ ያጠምዳል። ሦስተኛው ክንፉ ሰማያዊ፣ ምንቃሩ ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር ነው። ዘመዳቸው ቢሆንም ብዙውን ጊዜ አሳ አያጠምድም። ዛፍ ላይ ተቀምጦ ፌንጣና ሌላ ነፍሳት ይለቅማል። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት የእንጀራ ገመድ።

እግረ መንገዳችሁን ፔሊካኑንና ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀውን ጥቁሩን ጠላቂ ተመልከቱ። ፔሊካን መጥለቅ አይችልም። እንደ ጭልፋ ከላይ ነው የሚቀዳው። ጠላቂው ውሃ ውስጥ እየዋኘ ያሳድዳል። አንዱ የሚደርስበት ጥልቀት ለሌላው አይደረስም።

ገበያው ላይ አሳዎቹም ይኼንኑ ያሳዩዋችኋል። ፊሌቶ አውጪውን «አንጀቱን ክፈትልኝ» በሉት። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩት። የቆሮሶ አንጀት እንደ ክር የተጠመጠመ፣ በጣም ረጅም ነው፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው። የሚበላው በአብዛኛው ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን በዓይን የማይታይ አልጌ ስለሆነ ነው። አምባዛ ሆድ ውስጥ አሳም ነፍሳትም ታገኛላችሁ፣ ያገኘውን አይመልስም። ቢልጫ ውስጥ ደግሞ የተፈጨ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ካገኛችሁ አትገረሙ። ሦስቱ አንድ መረብ ውስጥ ይገባሉ፣ አንድ መአድ ላይ ግን አይቀርቡም። እዚህ ሐይቅ ላይ እንዲህ ተቻችሎ የሚኖር ቆሮሶ ሌላ አገር ሲወሰድ ሌላ ሰው ሆኗል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተጨመረ። የአገሬው ዘመዱ ከዋናው ሐይቅ ሊጠፋ ደረሰ። ከመጠን ያለፈ ማጥመድና የናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ አሳ ጥፋት አለበት፣ የቆሮሶም ሽሚያ ድርሻ ነበረው።

ዛፎቹን ፈጠን ብላችሁ እለፏቸው። ጉሬዛና ጦጣ አንድ ሾላ ላይ ታገኛላችሁ። ጉሬዛ የጠና ቅጠል ሳይቀር የሚፈጭ፣ ክፍል ክፍል ያለው ጨጓራ አለው። ጦጣ ፍሬ፣ አበባና ነፍሳት ይፈልጋል፣ መሬት ወርዶም የእናንተን ሳምቡሳ ይፈልጋል። እዚያው ትልቅ ምንቃሯ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበባት የምትመስል ጯሂ ወፍ አለች። እንስቷ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ደፍና ነው የምትፈለፍለው። ለእሷ የሚጎድለው ምግብ ሳይሆን ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ዛፍ ሲቆረጥ ፍሬ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ አስጎብኚ፣ እኔን ጨምሮ፣ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወፎቹ የተለያየ ቦታ መብላታቸው ብቻውን ሽሚያ መኖሩን አያሳይም። ትንሿ ሰማያዊ ከዳር የማትርቀው ጥቁርና ነጩ ስለሚበልጣት ነው? ወይስ እሱ ባይኖርም ከዳር አትርቅም? በማየት ብቻ አይታወቅም። ለማወቅ አንዱን አንስቶ ሌላው ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

ይኼን በደንብ ያሳየው ጆሴፍ ኮኔል የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ማዕበል የሚመታው አለት ላይ፣ ባርናክል የሚባሉ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ እንስሳት ተጣብቀው ይኖራሉ። አንዱ ዝርያ ከላይ ነው፣ ሌላው ከታች። ኮኔል የታችኛውን ዝርያ ከአንዳንድ ድንጋይ ላይ እያነሳ ተከታተለ። የላይኛው ዝርያ ወደ ታች ወርዶ በሰላም መኖር ቻለ። ለካ ከታች ያጠፋው የነበረው ጎረቤቱ ነው፣ እያደገ ከሥሩ ፈንቅሎ እየጣለው። የታችኛው ግን ወደ ላይ ቢሄድ አይችልም፣ ድርቀቱ ይገድለዋል። አንዱን ድንበር ያሰመረው ፀሐይ ነው፣ ሌላውን ያሰመረው ሽሚያ። ሐይቅ ዳር ወሰን ስታዩ ይኼን ጥያቄ ጠይቁ፦ ይኼን መስመር ያሰመረው ማነው?

ከሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ጋውዘ የሚባል ወጣት ሩሲያዊ ፓራሜሲየም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡራንን ብርጭቆ ውስጥ አሳደገ። ሁለት ዝርያ ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ተባዙ። አንድ ላይ ሲሆኑ አንደኛው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በኋላ የጠፋውን ከሦስተኛ ዝርያ ጋር ሲያደርገው ግን አብረው ኖሩ። አንዱ ከላይ ባክቴሪያ ይበላል፣ ሌላው ከታች የዘቀጠ እርሾ። ያው የኛ ሐይቅ ነው፣ በብርጭቆ።

እኛ ከሐይቁ ላይ ወፍ ማንሳት አንችልም፣ አይገባምም። ተክል ላይ ግን ማንም ሰው ጓሮው ውስጥ መሞከር ይችላል። ጀሪካኖቹ የመጡት ለዚህ ነው።

አምስት እኩል ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ፈልጉና አናታቸውን በቢላ ቁረጡ። ከታች ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ አብጁ። አፈሩን ሁሉ ከአንድ ቦታ ውሰዱ፣ በወንፊት ንፉት፣ ደባልቁት፣ እኩል ሙሉት። ፍግ አትጨምሩ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔ ፍግ ጨምሬ ነበር፣ ተክሎቹ ያምሩልኝ ብዬ። አማሩ። ግን አፈር ውስጥ ያለው ሽሚያ ጠፋብኝ። ምግብ ከተረፈ ሥር በሥር የሚሻማበት ምክንያት የለውም፣ ሽሚያው ሁሉ ወደ ብርሃን ይዞራል። ስድስት ሳምንት ደክሜ ግማሹን ታሪክ ብቻ አየሁ። የሐዋሳ አፈር አሸዋማና ፈርፈር ያለ ነው፣ ለዚህ ሥራ እንዲያውም ይመቻል።

ዘሩ ገብስና ጎመን ይሁን። ገብሱን ያልተቆላና ያልተሸከሸከ መሆኑን አረጋግጡ። እያንዳንዱን ጀሪካን በሐሳብ መሀል ለመሀል ክፈሉት፣ በአንዱ ጎን ጎመን፣ በሌላው ገብስ። ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ግርዶሽ ነው። አንደኛው አፈር ውስጥ የሚገባ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ ሥሮቹን ይለያል። ጠርዙን በፕላስተር በደንብ አሽጉት፣ ሥር ትንሽ ክፍተት ካገኘ አይምራችሁም። ሁለተኛው ከአፈር በላይ የሚቆም ነጭ ካርቶን ነው፣ ቅጠሎቹን ይለያል።

የመጀመሪያው ጀሪካን ሁለቱም ግርዶሽ ይኑረው፣ ጎመንና ገብስ ጨርሶ አይገናኙም። ሁለተኛው ካርቶኑ ብቻ ይኑረው፣ ስለዚህ የሚገናኙት ሥራቸው ብቻ ነው። ሦስተኛው አፈር ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ብቻ ይኑረው፣ የሚሻሙት ብርሃን ነው። አራተኛው ምንም ግርዶሽ አይኑረው። አምስተኛውም ግርዶሽ የለውም፣ ግን በሁለቱም ጎን ጎመን ይሁን። ይኼ አምስተኛው ትርፍ ይመስላል፣ አይደለም። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እናገራለሁ።

በየጎኑ ሰባት ስምንት ዘር ጣሉና ሲበቅል ጠንካራ አራት አራት ብቻ አስቀሩ። ገብስ ከጎመን ቀድሞ ይበቅላል። ቀድሞ የበቀለ ቀድሞ ቦታ ይይዛል፣ ይኼ ራሱ የሽሚያው አካል ነው። እኔ ጎመኑን አራት ቀን አስቀድሜ እዘራለሁ፣ እኩል እንዲነሱ። እናንተ በአንድ ቀን ብትዘሩም መልካም ነው። ብቻ አምስቱም ላይ አንድ ዓይነት አድርጉ። ካርቶኑን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቁሙት፣ ጠዋት አንዱ ጎን ከሰዓት ሌላው ጎን ፀሐይ ያገኛል። ውሃውን በቡና ሲኒ ለኩ። አምስቱም እኩል ሲኒ፣ በእኩል ቀን። በየሦስት ቀኑ ጀሪካኖቹን ቦታ አለዋውጡ።

በሳምንት አንድ ቀን ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ፣ ቅጠል ቁጠሩ። በስድስተኛው ሳምንት ጎመኑን ከአፈሩ ጋር እኩል ቁረጡ፣ በየጀሪካኑ ለየብቻ ጋዜጣ ላይ አስጡ፣ ሲነኩት እስኪሰባበር ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከዚያ መዝኑት። ቅመም ቤት ያለች ትንሽ ሚዛን ትበቃለች። ሚዛን ካጣችሁ በእንጨትና በክር ሁለቱን አንጠልጥላችሁ አወዳድሩ። ስንት ግራም እንደሆነ አይደለም የምንፈልገው፣ ማን ከማን እንደሚከብድ ነው።

እኔ ባለፈው ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጀሪካን ጎመን ሰፊ ቅጠል አወጣ። የአራተኛው ቀጭኖ፣ ገርጥቶ፣ አንገቱን አስግጎ ቀረ። እስከዚህ የሚጠበቅ ነው። ያስገረመኝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው ላይ ገብሱ ጎመኑ ላይ ጥላውን ጥሏል፣ ዓይን ያየዋል፣ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ሁለተኛው ላይ ጎመኑ ፀሐይ አልጎደለበትም፣ ማንም አልተጫነውም። ሲመዘን ግን ከሦስተኛው ያነሰው እሱ ሆነ። ያልታየው ሥር ከታየው ጥላ በለጠ። በእናንተ አፈር ላይ ተቃራኒ ሊወጣ ይችላል፣ በተለይ ለም ከሆነ። አንድ ጀሪካን ደግሞ ማስረጃ አይደለም። ትል በልቶት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ጎረቤት አሳምኑና ያንኑ ይዝሩ፣ ውጤቱን አስተያዩ።

አሁን አምስተኛው። እዚያ ያለው ጎመን ጎረቤቱም ጎመን ነው። የአንዱ ጎን ብቻ ሲመዘን እሱም ከመጀመሪያው ጀሪካን ጎመን አነሰ። ወንድም ወንድሙን ይሻማል፣ ያውም አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት ጥልቀት፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት ነው የሚፈልገው። ሁለት ዝርያ አብሮ ሊኖር የሚችለው እያንዳንዱ ከሌላው ይልቅ የራሱን ወገን ሲጎዳ ነው። ሲበዛ ራሱን በራሱ ይገታል፣ ለሌላው ቦታ ይተርፋል። ይኼ ከገባችሁ በኋላ ወደ ፊላው ተመለሱ። ጥቁርና ነጩ አሳ አጥማጅ ትንሿን ሰማያዊ ሲያባርር እኔ አላየሁም። የራሱን ቢጤ ግን እየጮኸ ውሃው ላይ ሲያሳድድ ጠዋት ጠዋት አያለሁ። ወንዱ ቆሮሶም እንዲሁ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ አሸዋ ቆፍሮ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል፣ ከሌላ ወንድ ቆሮሶ ይጠብቀዋል። አባቴ ከጀልባው ላይ ሆኖ እነዚያን ክብ ክብ ጉድጓዶች እያሳየኝ «እዚህ መረብ አይጣልም» ይለኝ ነበር።

ይኼ ሚዛን ሲሰበር ምን እንደሚሆን ለማየት እምቦጭን አስቡ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ችግር ሆኗል፣ ቆቃ ላይ ደግሞ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው የታየው። የውሃውን ገጽ ሲሸፍን ከሥሩ ያለው አልጌና ተክል ብርሃን ያጣል። ሦስተኛው ጀሪካን ማለት ነው፣ በሐይቅ ልክ። ቅንጬ አረም ደግሞ ሌላ ስልት አለው። ብርሃንና ውሃ መሻማቱ ሳያንስ ሌላው እንዳይበቅል የሚያደርግ ኬሚካል ይለቃል። ወደ ሐዋሳ ስትገቡ መንገድ ዳር ነጭ ትንንሽ አበባ ያለው አረም ካያችሁ፣ ከሥሩ ምን ሌላ ተክል እንዳለ ጎንበስ ብላችሁ ቁጠሩ። ስትነኩት ግን ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል።

የሐይቁን ማለዳ ሁለት ጊዜ ብታደርጉት እመክራለሁ። አንዴ ክረምት ላይ፣ አንዴ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ። ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች ይመጣሉ። ያው ዳርቻ ላይ የሚበላው አፍ ይበዛል። ክረምት የጻፋችሁትን ገጽ ከታኅሣሡ ጋር አስተያዩ። ማን ቦታ ለወጠ? ማን ሰዓት ለወጠ?

ጀሪካኖቹን ስታፈርሱ አትቸኩሉ። የአራተኛውን አፈር ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንከሩትና ሥሩን እጠቡ። የእኔን ሳጥብ የገብሱ ሥር እንደ ሻሽ የጀሪካኑን ወለል ሸፍኖት ነበር፣ ወደ ጎመኑ ጎን አልፎ ከሥሩ ዞሯል። የእህቴ ልጅ በጣቷ ይዛ ለመለየት ሞከረች፣ አልተላቀቀም። «አጎቴ፣ ስድስተኛ ጀሪካን ያስፈልገናል» አለች። «ገብስ ከገብስ ጋር።» ልክ ናት፣ እናንተ ከመጀመሪያው ስድስት አድርጉት።

የቀረውን አፈር ደግሞ አትድፉት። እያንዳንዱን በየጀሪካኑ መልሱትና ጎመን ብቻ ዝሩበት፣ እኩል ዘር፣ እኩል ሲኒ ውሃ። በሦስተኛው ሳምንት የትኛው እንደሚገረጣ እዩ።